የትኛው የጠረጴዛ መጋዝ? ለጠባብ የቤት ወርክሾፕ የቀረበ ዳሰሳ

በጓሮው ወይም በመኪና ማቆሚያው ውስጥ እንጨት የሚሠራ ሰው ውሎ አድሮ የጠረጴዛ መጋዝ ማማረጡ አይቀርም። ሲያማርጥ የሚሰማው ምክር ደግሞ እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። አንዱ «ከባዱንና ባለ ትልቅ ሞተሩን ግዛ፣ ዕድሜ ልክህን ያገለግልሃል» ይለዋል። ሌላው አንድ ሰው ብቻውን የሚያነሣው ትንሹ ለቤት ይበቃል ይላል። ሦስተኛው ጭራሽ የጠረጴዛ መጋዝ አያስፈልግህም ባይ ነው። ሦስቱም ወገኖች ማስረጃ አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የማይስማሙት ስለተለያየ ሥራ፣ ስለተለያየ እንጨትና ስለተለያየ የኤሌክትሪክ መስመር እያወሩ ነው። ክርክሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ምኑስ እንዳልተቋጨ ማየት ከገበያ በፊት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለት የዘር ሐረግ

ክብ መጋዝን ማን እንደፈለሰፈው እስካሁን ያከራክራል። በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተኑ ሳሙኤል ሚለር በ1777 ባወጣው የፈጠራ ሰነድ ላይ ክብ መጋዝ ተጠቅሷል፤ ሰነዱ ግን መጋዙን ቀድሞ እንደሚታወቅ ዕቃ አድርጎ ነው የሚያነሣው የሚሉ አጥኚዎች አሉ። በአሜሪካ የሼከር ማኅበር አባል የነበረችው ታቢታ ባቢት በ1813 ገደማ ፈለሰፈችው የሚለው ትረካም በሰፊው ይነገራል፣ በሰፊውም ይጠረጠራል።

ለዛሬው ገዢ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ነው። በ1906 ጀርመናዊው ቪልሄልም አልተንዶርፍ እንጨቱን ጭኖ በዲስኩ አጠገብ የሚንሸራተት ጠረጴዛ ያለው መጋዝ ሠራ። የአውሮፓ የቤት ዕቃ አምራቾች እስከ ዛሬ የሚጠቀሙበት ማሽን የዚህ ልጅ ነው። በአሜሪካ ደግሞ ዴልታ የተባለው አምራች በ1930ዎቹ መጨረሻ «ዩኒሶው»ን ለገበያ አቀረበ። ከዚያ በፊት በነበሩት ብዙ መጋዞች ማዕዘን ለመቁረጥ ጠረጴዛው ራሱ ነበር የሚያዘነብለው፤ በዚህኛው ጠረጴዛው ባለበት ቆሞ ዲስኩ ያዘነብላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቢል ቢዝማየር የሠራው፣ ፊት ለፊት ባለ ቱቦ ላይ የሚቆለፈው የጎን መሪ ሲጨመርበት የአሜሪካው መጋዝ መልክ ተጠናቀቀ።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የእጅ ቦታ ነው። በአውሮፓው እንጨቱ በጋሪ ተጭኖ ስለሚሄድ እጅ ከዲስኩ ራቅ ብሎ ይቆያል። በአሜሪካው እንጨቱ ጎኑን መሪው ላይ አስደግፎ በእጅ ይገፋል፤ እጅም ወደ ዲስኩ ይጠጋል። ተንሸራታቹ ጠረጴዛ ሰፊ ቦታ ስለሚፈልግ ለቤት የሚሸጡት መጋዞች ከሞላ ጎደል ሁሉም የአሜሪካውን መንገድ ይከተላሉ። ስለ ደኅንነት የሚደረገው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

አራቱ ዓይነቶችና የደበዘዘው ድንበር

ገበያው በልማድ አራት ዓይነት ይለያል። ተንቀሳቃሹ የአሉሚኒየም ጠረጴዛና ጯሂ ሞተር አለው፤ ክብደቱ በአብዛኛው ከ20 እስከ 45 ኪሎ ነው፣ እግሩም ብዙ ጊዜ ይታጠፋል። «ኮንትራክተር» የሚባለው ሞተሩን ከኋላ አንጠልጥሎ ዲስኩን በቺንጋ ያዞራል። «ሃይብሪድ» ሞተሩን ወደ ሣጥኑ ውስጥ ያስገባል። «ካቢኔት» ደግሞ ከ200 ኪሎ ያላነሰ፣ የካስት አይረን ጠረጴዛና ባለ 3 የፈረስ ጉልበት ወይም ከዚያ በላይ ሞተር ያለው ነው።

ሻጩ ስለ ሞተሩ ብዙ ይናገራል፤ ለተጠቃሚው ግን አንድ ድብቅ ልዩነት ይበልጣል። በካቢኔቱ መጋዝ ዲስኩንና ዘንጉን የሚሸከመው ከባድ ብረት ከሣጥኑ ጋር ነው የታሰረው። ስለዚህ ጠረጴዛው ከዲስኩ ጋር ሳይገጥም ሲቀር የጠረጴዛውን ቡሎኖች ላላ አድርጎ ማስተካከል ይቻላል። በኮንትራክተሩ ያው ብረት ከጠረጴዛው ሥር ስለሚታሰር ማስተካከሉ ጎንበስ ብሎ በመዶሻ ጫፍ መታ መታ ማድረግን ይጠይቃል። ሃይብሪዶች እንደ አምራቹ ወይ በአንዱ ወይ በሌላው መንገድ የተሠሩ ናቸው፤ ስማቸውን ሳይሆን ሆዳቸውን ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል።

ብዙ ገዢ የማያስተውለው ሌላ ነገርም አለ። አብዛኞቹ፣ ርካሹም ውዱም፣ ባለ 254 ሚሊ ሜትር ዲስክ ናቸው፤ ቀጥ ብለው 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ በ45 ዲግሪ ደግሞ 5 ሴንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ይቆርጣሉ። ባለ አምስት እጥፍ ዋጋው መጋዝ በጥልቀት የሚጨምረው ነገር የለም። ባለ 210 ሚሊ ሜትር ትንንሾቹ እንኳ 6 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይደርሳሉ፤ ለቤት ዕቃ ሥራ ከዚህ በላይ ወፍራም እንጨት ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

የሞተሩ ጥያቄ የመስመሩ ጥያቄ ነው

ትንንሾቹ መጋዞች ዩኒቨርሳል ሞተር አላቸው፦ ቀላል፣ ጯሂ፣ ካርቦኑ በየጊዜው የሚለወጥ። ትልልቆቹ ኢንዳክሽን ሞተር ይጠቀማሉ፦ ከባድ፣ ዝግ ያለ ድምፅ ያለው፣ ወፍራም እንጨት ሲገባበት ፍጥነቱን የማይጥል። የትልቁ ሞተር ደጋፊዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው፤ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ደረቅ ወይራ ወይም ኦክ በርዝመቱ ሲሰነጠቅ ደካማው ሞተር ያቃስታል፣ የቆረጠውም ጠርዝ ይጠቁራል። ተቃዋሚዎቹም እውነት አላቸው፤ ለመሰንጠቂያ የተሠራ፣ ጥርሱ የሳሳ፣ አዲስ የተሳለ ቀጭን ዲስክ ያንኑ ደካማ ሞተር ሌላ ማሽን ያስመስለዋል። የዲስኩ መንገድ (ቆርጦ የሚያልፈው ክፍተት) ከ3.2 ወደ 2.4 ሚሊ ሜትር ሲወርድ ሞተሩ የሚያነሣው እንጨት በሩብ ይቀንሳል። መካከለኛ ሞተር በጥሩ ዲስክ ትልቅ ሞተርን በደነዘዘ ዲስክ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በአሜሪካ ክርክሩን የሚያጦዘው የቤቱ መስመር ነው። ተራው ሶኬት 120 ቮልት በ15 አምፔር፣ ማለትም ቢበዛ 1800 ዋት ነው። ባለ 3 የፈረስ ጉልበቱ ለብቻው የተዘረጋ 240 ቮልት ይፈልጋል፤ ተከራይ ለሆነ ሰው ይህ ብቻውን ምርጫውን ይቋጨዋል። በኢትዮጵያ መነሻው 220 ቮልት ስለሆነ ያ ገደብ የለም። ሆኖም ያ ሞተር ሙሉ ጭነት ሲያገኝ ተራ ሶኬት የሚችለውን ጠርዝ ድረስ ይስባል፤ ወፍራም ሽቦና የራሱ ብሬከር ያስፈልገዋል። መስመሩ ሲዳከም ወይም በቀጭን ማራዘሚያ ሲሠራበት ኢንዳክሽን ሞተር ይግላል፤ ያ ግለት ነው ቀስ በቀስ የሚያቃጥለው።

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት መጋዝ የሚልኩ ወገኖች በተለይ የሚሳሳቱበት ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ከ220 ወደ 120 ያወርዳል፤ የመስመሩን ሄርዝ ግን አይለውጥም። የአሜሪካው 60 ነው፣ የእኛ 50። ዩኒቨርሳል ሞተር ያለው ትንሽ መጋዝ በቂ አቅም ካለው ትራንስፎርመር ጋር ያለ ችግር ይሠራል። ኢንዳክሽን ሞተሩ ግን በደቂቃ 3450 ገደማ ይዞር የነበረው ወደ 2850 ገደማ ይወርዳል፣ ከዚያም በላይ ይግላል። ስለዚህ ከአሜሪካ የሚመጣ ከሆነ፣ ከተለመደው ግምት በተቃራኒ፣ ርካሹ ተንቀሳቃሽ ከከባዱ ይሻላል፤ ወይም የከባዱ ሞተር እዚህ እንደሚቀየር አስቀድሞ ማሰብ ነው።

ከአውሮፓ የሚመጡ አሮጌ የፋብሪካ መጋዞች ሌላ ፈተና አላቸው፦ ብዙዎቹ ስሪ ፌዝ ናቸው። ከመግዛት በፊት የሞተሩን ሰሌዳ ማንበብ ተገቢ ነው። «220/380» የሚል ከሆነ ኢንቨርተር ተገጥሞለት ከቤት ሲንግል ፌዝ ሊነሣ ይችላል። «380/660» የሚል ከሆነ ለቤት አይሆንም።

መሪው

ከሞተሩ ያነሰ የሚወራለት፣ ከሞተሩ የበለጠ የሚወስነው ክፍል እንጨቱ ጎኑን አስደግፎ የሚሄድበት መሪ ነው። መሪው ከዲስኩ ጋር ትይዩ ካልሆነ፣ በተለይም ከኋላ በኩል ወደ ዲስኩ ካዘነበለ፣ ጠርዙ ይቃጠላል፣ እንጨቱም ተጣብቆ ወደ ሠራተኛው ሊወረወር ይችላል። ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፈተና ቀላል ነው። መሪውን ቆልፎ ጫፉን፣ ማለትም ከቁልፉ የራቀውን ጎን፣ በአውራ ጣት ወደ ጎን መግፋት፤ የሚላወስ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይረባም። ቀጥሎ የዲስኩን አንድ ጥርስ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ከጠረጴዛው ቦይ ያለውን ርቀት ከፊት መለካት፣ ያንኑ ጥርስ አዙሮ ከኋላ መለካት። ልዩነቱ ከ0.1 ሚሊ ሜትር ብዙ ካለፈና ማስተካከያ ቡሎን ካልተሠራለት ማሽኑን እዚያው መተው ነው። ያንኑ ጥርስ የሚባለው ዲስኩ ራሱ ትንሽ የተጣመመ ቢሆን ልኬቱን እንዳያሳስት ነው።

ተንቀሳቃሾቹ ላይ በዲዋልት ዘንድ የታወቀው ጥርስና ማርሽ ያለው መሪ የድሮውን ድክመት በእጅጉ አቃልሏል፤ አንድ ቁልፍ ሲዞር የፊቱም የኋላውም እኩል ይሄዳሉ። ለጠባብ ቤት የተደረገ ትልቁ ማሻሻያ ይህ ነው ማለት ይቻላል።

የመሪው ርዝመት ግን እስካሁን ያከራክራል። አሜሪካኖች ከጠረጴዛው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚደርስ ረጅም መሪ ይወዳሉ። በአውሮፓ ጠጣር እንጨት ሲሰነጠቅ መሪው ከዲስኩ መቁረጫ ፊት ትንሽ አልፎ እንዲያበቃ ይደረጋል፤ ተሰንጥቆ የሚከፈተው እንጨት የሚሄድበት ቦታ አግኝቶ እንዳይጣበቅ። ሁለቱም በየቦታቸው ልክ ናቸው፦ ለኤምዲኤፍ፣ ለቺፑድና ለኮምፔንሳቶ ረጅሙ፣ ውስጡ ውጥረት ላለበት ጣውላ አጭሩ። በረጅሙ መሪ ላይ ቀጥ ያለ አጭር ጣውላ በሞርሳ ማሰር አጭር መሪ ያደርገዋል፤ ወጪም የለውም።

አምስት ሜትር

የተለመደው የኤምዲኤፍ ወይም የኮምፔንሳቶ ሉህ 244 በ122 ሴንቲ ሜትር ነው። በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ከዲስኩ በፊት 244፣ ከዲስኩ በኋላም 244 ሴንቲ ሜትር ነጻ ቦታ ይፈልጋል። በድምሩ ወደ 5 ሜትር ነው፤ ብዙ የቤት ወርክሾፕ ይህ የለውም። ስፋቱ ደግሞ ከ61 ሴንቲ ሜትር በላይ መክፈት የሚችል መሪ ካለ ሉሁን መሐል ለመሐል መክፈል ይቻላል፤ ብዙዎቹ ተንቀሳቃሾች እዚህ ይደርሳሉ። 127 ሴንቲ ሜትር የሚከፍተው ረጅም ሐዲድ በጠባብ ክፍል ውስጥ የልብስ መስቀያ ሆኖ የሚቀርበት ምክንያት ይኸው ነው።

አይግዙ የሚሉት ወገኖች የሚነሡት ከዚህ ነው። ሉሁን መሬት ላይ አስተኝቶ በሐዲድ በሚሄድ የእጅ ክብ መጋዝ መቁረጥ ይቻላል፤ የሚንቀሳቀሰው መጋዙ ስለሆነ ቦታ አይጠይቅም። ወይም ከገዙበት ቤት በክፍያ ማስቆረጥ ነው። ጣውላ መሰንጠቁን ባንድሶው ይሠራዋል፤ ጥርሱ ወደ ታች ወደ ጠረጴዛው ስለሚጎትት እንጨትን ወደ ሰው አይወረውርም፣ ከ8 ሴንቲ ሜትር በላይም ይቆርጣል። ጠርዙ ሻካራ ስለሚሆን መላግ ያስፈልገዋል። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። የሚሸነፈው በአንድ ቦታ ነው፦ እኩል ስፋት ያላቸው ብዙ ቀጫጭን ክፍሎች፣ የበርና የመስኮት ፍሬም፣ የመሳቢያ ጎኖች ሲደጋገሙ የጠረጴዛ መጋዝን የሚተካ የለም። መሪው አንዴ ይቆለፋል፣ ሠላሳኛው ቁራጭ የመጀመሪያውን ይመስላል።

ሁለት የተለያዩ አደጋዎች

ስለ ደኅንነት ሲወራ ሁለት ነገሮች ይደባለቃሉ። አንደኛው እጅ ዲስክ መንካቱ ነው። ሁለተኛው እንጨቱ ወደ ሠራተኛው መወርወሩ ነው። መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

ባለ 254 ሚሊ ሜትር ዲስክ በደቂቃ 4000 ጊዜ ሲዞር የጥርሱ ጫፍ በሰዓት 190 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። የፊቱ ጥርስ እንጨቱን ወደ ታች ይጫነዋል፤ የኋላው ወደ ላይ ይነሣል። የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ከኋላው ጥርስ ጋር ከተጣበቀ ተነሥቶ በዚያ ፍጥነት ወደ ሰው ይመለሳል፤ አንዳንዴም እጅን ይዞ ወደ ዲስኩ ይጎትታል። ይህን የሚከላከለው ከዲስኩ ጀርባ በቅርብ የሚቆመው ቀጭን መለያያ ብረት ነው። ጥሩው ዓይነት ከዲስኩ ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ያዘነብላልም። የድሮው ግን ራቅ ብሎ ቆሞ በዲስኩ ከፍታ አይለወጥም፤ ስለሚያስቸግር ሰዎች ነቅለው ይጥሉት ነበር። በአውሮፓ አብሮ የሚንቀሳቀሰው ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት፣ በአሜሪካ ግን መስፈርት ሆኖ በአዳዲስ ማሽኖች ላይ የተስፋፋው በ2000ዎቹ መጨረሻ ነው። ብረቱ ከዲስኩ መንገድ መቅጠን፣ ከዲስኩ አካል ደግሞ መወፈር አለበት፤ ቀጭን ዲስክ የሚገዛ ሰው ይህን ሳያገናዝብ ሲቀር እንጨቱ መሐል መንገድ ላይ ይቆምበታል።

ባሕር ዛፍ ለሚሠራ ሰው ይህ ብረት የግድ ነው። ባሕር ዛፍ ሲያድግ ግንዱ ውስጥ የሚጠራቀመው ውጥረት ሲሰነጠቅ ይፈታል፤ ጣውላው ወይ እንደ ቀስት ይከፈታል፣ ወይ ዲስኩ ላይ ይዘጋል። እርጥቡ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እጅ ዲስክ ለመንካቱ የተገኘው መልስ ሌላ ነው። በ1999 አሜሪካዊው የፊዚክስ ምሁርና የፈጠራ መብት ጠበቃ ስቲቭ ጋስ ዲስኩ ሥጋ ሲነካ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚያውቅ ፍሬን ሠራ። የአሉሚኒየም ቁራጭ ጥርሱ ውስጥ ተወርውሮ ይቀረቀራል፤ ዲስኩ ከ5 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይቆማል። በ4000 ዙር ይህ ከአንድ ዙር ሢሶ አይበልጥም። ጋስ በቋሊማ አሳየ፣ በራሱ ጣትም ሞከረው። ትልልቆቹ አምራቾች በፈቃድ ሊወስዱት ሳይስማሙ ሲቀሩ ሶውስቶፕ በሚል ስም ራሱ ማምረት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ክርክር የሕግም የገበያም ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን በጠረጴዛ መጋዝ በዓመት ከ30 ሺህ በላይ ሰዎች ሆስፒታል እንደሚሄዱ፣ ከ4 ሺህ በላይ ጉዳቶችም ጣት እስከማጣት እንደሚደርሱ ገምቷል። ደጋፊዎቹ ይህን ይዘው ፍሬኑ የግድ ይሁን ይላሉ። በ2010 የቦስተን ፍርድ ቤት ዳኞች በሪዮቢ መጋዝ ጣቶቹን ለተጎዳ የወለል ሠራተኛ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ሲፈርዱ፣ ቴክኖሎጂው እያለ አለመግጠም ጥፋት ሊሆን እንደሚችል ታየ። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው ሠራተኛው የዲስኩን መከለያ አንሥቶ እንደነበር፣ ግዴታው ርካሹን መጋዝ ከገበያ እንደሚያጠፋ፣ ሁሉንም ገበያ ለአንድ የፈጠራ ባለቤት እንደሚያስረክብ ይከራከራሉ። የመጨረሻው ስጋት መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፦ ቦሽ ዲስኩን ሳይጎዳ ወደ ታች የሚጥል የራሱን መጋዝ ቢያቀርብም በ2017 የፈጠራ መብት ጥሰት ተገኝቶበት አሜሪካ እንዳይገባ ታገደ። ኮሚሽኑ በ2017 ረቂቅ ደንብ አወጣ፣ በ2023 አሻሽሎ ደገመው፤ ሶውስቶፕ ደንቡ ሥራ ላይ ከዋለ አንድ ቁልፍ የፈጠራ መብቱን ለሕዝብ እንደሚለቅ በ2024 አስታወቀ። ዓመቱ እስኪያልቅ ግን ደንቡ አልጸደቀም።

ፍሬኑ የማይሠራውን ማወቅም ያስፈልጋል። እንጨት ከመወርወር አያድንም። እርጥብ እንጨት፣ የተደበቀ ምስማር ወይም አሉሚኒየም ሥጋ መስሎት ሊነሣ ይችላል፤ አንድ ጊዜ ሲነሣ 100 ዶላር ገደማ የሚያወጣው ፍሬንና ብዙ ጊዜም ዲስኩ ይሄዳል። ፍሬን ያለው ሰው ይዘናጋል ወይ ለሚለው የሚያሳምን መልስ የለም። ዲስኩን ሳይነኩ እጅን ቀድመው የሚያውቁ ማሽኖችም መጥተዋል፤ የኦስትሪያው ፌልደር በ2019 ያሳየው አንዱ ነው፣ ዋጋው ግን የፋብሪካ ነው።

በአሜሪካ ላለ ሰው ትንሹ ባለ ፍሬን መጋዝ በ2022 ሲወጣ 900 ዶላር ገደማ ነበር፤ ከአንድ የድንገተኛ ክፍል ሂሳብ አንጻር ሲታይ ውድ አይደለም፣ አቅም ያለው ይግዛው። አዲስ አበባ ላይ እርጥብ ባሕር ዛፍ ለሚሰነጥቅ ሰው ግን ምትክ ፍሬን ከባሕር ማዶ እየጠበቁ መሥራት አይሆንም።

ብየዳና አሮጌ ብረት

በየሰፈሩ አናጺ ቤት የሚታየው የላሜራ ጠረጴዛ፣ ከሥሩ ሞተር ወይም የተገለበጠ የእጅ መጋዝ ያለበት፣ በዋጋ የሚወዳደረው የለም። ተሟጋቾቹ ዳቦ ያበላል ይላሉ፤ ያበላል። የጎደለው መለያያ ብረትና የሚታመን መሪ ነው፤ ሁለቱም በጥሩ ብየዳ ሊጨመሩ ይችላሉ። ግራይንደር ላይ ባለ ጥርስ የእንጨት ዲስክ ማሰር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11 ሺህ ገደማ ይዞራል፣ መከለያውም ለእንጨት አልተሠራም። እዚህ ላይ ሁለት ወገን የለም።

አሮጌ ካቢኔት መጋዝ በርካሽ ሲገኝ ያጓጓል። ኩሽኔታው ይለወጣል፣ ዝገቱ ይጸዳል፣ ጠረጴዛው ከአዲሱ ይልቅ ሊረጋ ይችላል። ከዲስኩ ጋር የሚወጣና የሚወርድ መለያያ ብረት ግን በአብዛኞቹ ላይ የለም፤ በኋላ መጨመሩም በብዙዎቹ አይቻልም። ብናኙም ቢሆን ከአሮጌው ሆድ በየቀዳዳው ይወጣል። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት ብናኝን ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች መደብ አስፍሮታል። ስለዚህ የሰጋቱራ መውጫ ቱቦ ያለውን መምረጥና ጭምብል ማድረግ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ለጠባብ ቤት፣ በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ሉህ ብቻ የሚሠራ ሰው ገንዘቡን በሐዲድ መጋዝ ላይ ያውለው። ጣውላና ፍሬም የሚሠራ ሰው ጥርስና ማርሽ መሪ ያለው፣ 61 ሴንቲ ሜትር የሚያልፍ ተንቀሳቃሽ ይግዛና የተረፈውን በሁለት ጥሩ ዲስኮች ላይ ያውጣ፤ አንዱ ለመሰንጠቅ፣ አንዱ ለወርድ መቁረጫ። ከባዱን ካቢኔት የራሱ ቤት፣ የራሱ መስመርና አምስት ሜትር ያለው ሰው ያስብበት። መለያያ ብረት የማይገጠምለትን መጋዝ ግን በነጻ ቢሰጡዎትም ወደ ቤት አያስገቡት።